የማይደክም ክንድ

በማስመሰያ የቤዝቦል ሊጎች፣ ማለትም ጨዋታው በካርድና በዳይስ ወይም በኮምፒውተር በሚመሰልባቸው ውድድሮች ውስጥ፣ በየጊዜው የሚነሳ አንድ ክስ አለ። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ እንደ ሌሎቹ አምስት ቋሚ ወርዋሪዎችን በየተራ ማሰለፉን ይተዋል። ጨዋታውን በተቀያሪ ይከፍታል፣ በየሁለት ኢኒንጉ ሌላ ያስገባል፣ የተጋጣሚው መቺዎች አንዱንም ወርዋሪ በቅጡ ሳይለምዱት ጨዋታው ያልቃል። ያሸንፋል፤ ደጋግሞም ያሸንፋል። ተሸናፊዎቹ "ይሄማ ቤዝቦል አይደለም" ይላሉ፤ እሱ ደግሞ "የትኛውን ደንብ ጣስኩ?" ብሎ ይመልስላቸዋል። ክርክሩ መቋጫ የማያገኘው ሁለቱም የያዙት እውነት ስላለ ነው። አንዱ ወገን ስለ ስፖርቱ ወግ ይናገራል፣ ሌላው ስለ ተጻፈው ደንብ፤ ስለዚህ እየተነጋገሩ አይገናኙም። እኔ እንደሚመስለኝ የፍትሕ ጥያቄው ያለው በሌላ ቦታ ነው። አንድ ብልሃት ያልተለመደ መሆኑ ብቻውን ምንም አይነግረንም። መጠየቅ ያለበት፣ እውነተኛው ጨዋታ ለዚያ ብልሃት የሚያስከፍለውን ዋጋ ማስመሰያው ያስከፍላል ወይ የሚለው ነው። ካስከፈለ፣ ብልሃቱ የቱንም ያህል ዓይን ቢወጋ ፍትሐዊ ነው። ካላስከፈለ፣ የተገኘው ድል ከተጋጣሚ ላይ ሳይሆን ከሒሳብ ጉድለት ላይ የተወሰደ ነው።

ለቤዝቦል እንግዳ ለሆነ አንባቢ ጥቂት ነገር ላስቀድም። ጨዋታው ዘጠኝ ኢኒንግ አለው። በእያንዳንዱ ኢኒንግ ሁለቱም ቡድኖች በየተራቸው ይመታሉ፤ የአንዱ ተራ የሚያበቃው ሦስት ተጫዋቾቹ ሲወጡበት ነው። መቺዎቹ ዘጠኝ ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸው ከጨዋታው በፊት ይጻፋል፣ ዘጠነኛው ከመታ በኋላ እንደገና ከአንደኛው ይጀመራል። ኳሱን የሚወረውርላቸው የተጋጣሚው ወርዋሪ ነው፤ የጨዋታው ውጤት ከማንም በላይ የሚንጠለጠለውም በእሱ ክንድ ላይ ነው። አንዴ ተቀይሮ የወጣ ተጫዋች በዚያ ጨዋታ ተመልሶ አይገባም። በተለመደው አሠራር ቋሚ ወርዋሪ ጨዋታውን ከፍቶ አምስት ወይም ስድስት ኢኒንግ ያህል ይሠራል፣ ከዚያም አራት ወይም አምስት ቀን ያርፋል፤ የቀረውን ተቀያሪዎች ይጨርሱታል፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ አንድ ኢኒንግ እየተካፈሉ። በአሜሪካ ሜጀር ሊግ አንድ ቡድን በዓመት 162 ጨዋታ ስላለበት ይህ የክንድ አያያዝ የዓመቱን ዕጣ የሚወስን ጉዳይ ነው።

ማስመሰያው ከኮምፒውተር በፊት የተወለደ ጨዋታ ነው። አፕባ የተባለው የካርድና የዳይስ ጨዋታ በ1951 ገበያ ላይ ዋለ፤ ሃል ሪችማን የፈጠረው ስትራት-ኦ-ማቲክ በ1961 ተከተለው፤ ጀርመናዊው ማርከስ ሃይንሶን የጀመረው አውት ኦፍ ዘ ፓርክ ደግሞ በ1990ዎቹ መጨረሻ በኮምፒውተር መጣ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።) የሦስቱም መሠረት የእውነተኛ ተጫዋችን ውጤት ወደ ዕድል ሠንጠረዥ መለወጥ ነው። በስትራት-ኦ-ማቲክ ሦስት ዳይስ ይጣላሉ። አንደኛው ከ1 እስከ 3 ካሳየ የመቺው ካርድ ይነበባል፣ ከ4 እስከ 6 ካሳየ የወርዋሪው፤ የቀሩት ሁለቱ ድምር ደግሞ በካርዱ ላይ የትኛው መስመር እንደሚነበብ ይወስናል። ስለዚህ የእያንዳንዱ ፍልሚያ ግማሽ ዕድል በመቺው ያለፈ ዓመት ሥራ፣ ግማሹ በወርዋሪው ያለፈ ዓመት ሥራ ላይ ያርፋል። ሰዎች ተሰባስበው ሊግ ያቋቁማሉ፣ ተጫዋቾቹን በየተራ ይመርጣሉ፣ ወራት የሚፈጅ ውድድርም ያካሂዳሉ። ከዚህ በኋላ ያለው የአሰልጣኝነት ውሳኔ ሁሉ የራሳቸው ነው።

የ"ይሄ ቤዝቦል አይደለም" ክርክር ደካማነት የሚታየው ወደ እውነተኛው ሜዳ ሲሄዱ ነው። ሜይ 19 ቀን 2018 የታምፓ ቤይ ሬይስ ቡድን በአናሃይም ከሎስ አንጀለስ ኤንጀልስ ጋር ሲጫወት አሰልጣኙ ኬቨን ካሽ ጨዋታውን በሰርጂዮ ሮሞ አስከፈተ። ሮሞ የታወቀው ጨዋታ ሊያልቅ ሲል በሚገባ ተቀያሪነቱ ነበር፤ በሜጀር ሊግ ጨዋታ ከፍቶ አያውቅም። አንድ ኢኒንግ ወረወረ፣ ሦስት መቺዎችን በስትራይክ፣ ማለትም ኳሱን ሳይመቱት፣ አስወጣ፣ ወጣም። ቦታውን የተረከበው ግራኙ ራያን ያርብሮ ከስድስት ኢኒንግ በላይ ሠራ። በማግስቱም የከፈተው ያው ሮሞ ነበር። የብልሃቱ አመክንዮ ቀላል ነው። የመቺዎች ቅደም ተከተል ሲጻፍ ምርጦቹ ከላይ ይቀመጣሉ፤ ምርጦቹ መምታታቸው አስቀድሞ የታወቀበት ኢኒንግ የመጀመሪያው ብቻ ነው፣ ብዙ ነጥብ የሚቆጠርበትም እሱ ነው። በዚያ ላይ መቺ አንድን ወርዋሪ በአንድ ጨዋታ ለሁለተኛ፣ ይልቁንም ለሦስተኛ ጊዜ ሲገጥመው የተሻለ እንደሚመታ ቶም ታንጎ፣ ሚቸል ሊክትማንና አንድሩ ዶልፊን ዘ ቡክ በተባለው መጽሐፋቸው በብዙ መረጃ አሳይተዋል። ከፋቹ ምርጦቹን አንድ ጊዜ ካሳለፈ፣ ተረካቢው ሥራውን የሚጀምረው ከደከሙት ነው፤ ምርጦቹን ለሦስተኛ ጊዜ የሚያገኛቸውም ዘግይቶ፣ ምናልባትም ጭራሽ ሳያገኛቸው ይወጣል።

የኤንጀልሱ ዛክ ኮዛርት ነገሩ ለቤዝቦል እንደማይበጅ በግልጽ ተናገረ፤ ቅሬታው በማስመሰያ ሊጎች ከሚሰማው ጋር አንድ ዓይነት ነው። ሆኖም ሬይሶች የጣሱት ደንብ አልነበረም፤ ዓመቱንም 90 ጊዜ አሸንፈው ጨረሱ፣ በቀደመው ዓመት ያሸነፉት 80 ነበር። ይህን ሁሉ ለከፋቹ መስጠት ስህተት ይሆናል። በዚያው ቡድን ብሌክ ስኔል በጥንቱ ወግ ጨዋታ እየከፈተ 21 ጊዜ አሸንፎ ለዓመቱ ምርጥ ወርዋሪ የሚሰጠውን የሳይ ያንግ ሽልማት ወስዷል። ካሽ ብልሃቱን የተጠቀመበት ስኔልን የሚያህል ሰው ባልነበረው ቀን ነው፤ ይህ ደግሞ ብልሃቱ የድሃ ቡድን ዘዴ እንጂ ሁሉን የሚያሸንፍ ምሥጢር እንዳልነበረ ያሳያል።

ነገሩ አዲስም አልነበረም። በ1924 የዓለም ሻምፒዮና ሰባተኛ ጨዋታ የዋሽንግተኑ ወጣት አሰልጣኝ ባኪ ሃሪስ በቀኝ እጁ የሚወረውረውን ከርሊ ኦግደንን አስከፈተ፤ የኒው ዮርክ ጃየንትሱ ጆን መግሮውም ለቀኝ ወርዋሪ የሚስማማውን ግራ መቺ ቢል ቴሪን በዝርዝሩ ጻፈ። ኦግደን ሁለት መቺ ብቻ ገጥሞ ወጣ፣ ግራኙ ጆርጅ ሞግሪጅ ገባ። ቴሪ ከማይመቸው ወርዋሪ ጋር ተፋጠጠና በኋላ ተቀየረ፤ ዋሽንግተን በ12 ኢኒንግ 4 ለ 3 አሸነፈ። በ2018 የሚልዋኪ ብሩወርስ ቡድን በናሽናል ሊግ ፍጻሜ አምስተኛ ጨዋታ ዌድ ማይሊን ከአንድ መቺ በኋላ አውጥቶ ብራንደን ውድረፍን አስገባ፤ ማታለያው ያው ሆኖ ሳለ ጨዋታውን ያሸነፉት ተጋጣሚዎቹ የሎስ አንጀለስ ዶጀርሶች ናቸው። የኮሎራዶ ሮኪስ ቡድን በ2012 አራት ቋሚ ወርዋሪዎችን በ75 ውርወራ ገደማ ጣሪያ ለማሠራት ሞክሮ በዓመቱ 98 ጊዜ ተሸንፏል። ወደ ኋላ ከሄድን ደግሞ የፕሮቪደንሱ ቻርልስ ራድቦርን በ1884 ብቻውን ከ678 ኢኒንግ በላይ ወርውሯል፤ በ2018 ግን ጨዋታ ከፍቶ ራሱ የጨረሰ ወርዋሪ በመላው ሜጀር ሊግ የታየው 42 ጊዜ ብቻ ነው። እንግዲህ ወጉ የቱ ነው? የ1884ቱን ሰው አምጥተን የዛሬን አምስት ቋሚ ወርዋሪዎች ብናሳየው እንደ ቅንጦት ይቆጥረዋል። እውነተኛው ጨዋታ ያልተለመደውን ሁሉ ሲፈቅድ ኖሯል፤ አንዱን ሸልሟል፣ ሌላውን ቀጥቷል።

ቅጣቱ የሚመጣው ግን ከደንብ መጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ ክርክሩ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። በእውነተኛው ሜዳ ወርዋሪን በተደጋጋሚ ማውጣት በሥጋና በጅማት ይከፈላል። ሐኪሙ ፍራንክ ጆብ በ1974 ለወርዋሪው ቶሚ ጆን የሠራው የክርን ጅማት ቀዶ ሕክምና ዛሬ ለወርዋሪዎች የተለመደ ሆኗል፤ ያን ያደረገ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ ከሜዳ ይርቃል። ተቀያሪ ወርዋሪ ለመግባት ሲዘጋጅ ከሜዳው ዳር የሚወረውረው ኳስ በየትኛውም ሰንጠረዥ አይቆጠርም፣ ክንዱ ግን ይቆጥረዋል። ሌላው ዋጋ ሰውን ማሳመን ነው። አሰልጣኙ ቶኒ ላ ሩሳ በ1993 በኦክላንድ ወርዋሪዎቹን በሦስት በሦስት ከፍሎ ኢኒንጎቹን ሊያካፍላቸው ሞክሮ ከሳምንት ገደማ በኋላ ተወው። በዚያ አሠራር የሚከፍተው ሰው ድል በስሙ ሊመዘገብለት አይችልም፤ ደንቡ ለከፋች ወርዋሪ ቢያንስ አምስት ኢኒንግ ይጠይቃልና። በዚያ ደንብ የተጠቀመው ተረካቢው ነው፦ ያርብሮ በ2018 ጨዋታ የከፈተው ስድስት ጊዜ ብቻ ሆኖ 16 ድል ተመዝግቦለታል። ደመወዝና ክብር በእንዲህ ያለ ቁጥር ላይ ሲንጠለጠል አሰልጣኙ ተጫዋቹን አስቀምጦ ማነጋገር አለበት። ካርድ ግን አይከፋውም፣ ወኪል የለውም፣ ጠዋት ሲነሳ ትከሻው አያመውም።

ማስመሰያዎቹ ይህን ጨርሰው አልዘነጉትም። በስትራት-ኦ-ማቲክ የላቀው ደንብ የወርዋሪው ካርድ ከስንት ኢኒንግ በኋላ ሊደክም እንደሚችል ይናገራል፤ የኮምፒውተሮቹም ድካምን፣ ዕረፍትንና ጉዳትን ያሰላሉ። ችግሩ ያለው ካርዱ ራሱ ከምን እንደተሠራ ስንመረምር ነው። የተቀያሪ ወርዋሪ ቁጥር የተገኘው በተመረጠ ሁኔታ ውስጥ ነው፦ ሃያ ያህል ኳስ ብቻ እንደሚወረውር ስለሚያውቅ ጉልበቱን ሳይቆጥብ፣ አሰልጣኙ ይስማሙታል ያላቸውን መቺዎች መርጦ፣ አንዱንም መቺ በዚያ ቀን ደግሞ ሳይገጥም። እንበልና አንድ ግራኝ ተቀያሪ በዓመቱ 150 መቺ ገጠመ፤ መቶው ግራኞች፣ ሃምሳው ቀኞች ነበሩ። ግራኞቹ ከመቶ ሃያ ጊዜ፣ ቀኞቹ ከመቶ ሠላሳ ጊዜ መቱት እንበል። አማካዩ ከመቶ 23 ገደማ ይሆናል፣ ካርዱም ይህን ይዞ ይታተማል። አሁን የማስመሰያው አሰልጣኝ ይህን ሰው ሳይመርጥ ለሁሉም መቺ ያስወረውረዋል፤ ከሚገጥሙት መቺዎች ሰባ በመቶው ቀኞች ቢሆኑ እውነተኛው ግምት ከመቶ 27 ነው። ካርዱ ግን 23 እያለ መቀጠሉ አይቀርም። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ በአንድ ዓመት ውስጥ በሺህ በሚቆጠሩ ፍልሚያዎች ሲባዛ ግን የደረጃ ሰንጠረዡን የሚገለብጥ ነው። የስትራት-ኦ-ማቲክ የላቀው ካርድ ግራና ቀኙን ለይቶ ስለሚጽፍ ይህን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ቀለል ያለው ካርድ አይደፍነውም። ሰውየው ለሁለተኛ ጊዜ ያየውን መቺ እንዴት ይወጣው እንደነበር ግን የትኛውም ካርድ ሊነግረን አይችልም፣ ነገሩ አልሆነማ።

በብዛት የሚዘነጋው የነገሩ ሌላ ገጽ ደግሞ እነሆ። የቋሚ ወርዋሪ ካርድ የተሠራው በተቃራኒው መንገድ ነው። በውስጡ የመጀመሪያው ዙር ጥሩ ሥራና የሦስተኛው ዙር ደካማ ሥራ ተደባልቀው አንድ አማካይ ሆነዋል። ድካሙ እስኪመጣ ድረስ እያንዳንዱን ፍልሚያ ከሌላው ነጥሎ በሚያሰላ ጨዋታ ውስጥ ይህን ሰው መቺዎቹ ሁለቴ እንዳዩት ማውጣት ምንም አያተርፍም፤ ካርዱ ያልወረወረውን የሦስተኛ ዙር ኪሳራ ከመጀመሪያዋ ኳስ ጀምሮ ሲያስከፍለው ቆይቷልና። ስለዚህ ያው ማስመሰያ አንዱን ያልተለመደ ብልሃት ከሚገባው በላይ ይከፍላል፣ ሌላውን ከሚገባው በታች። ተቀያሪዎችን ያለ ልክ የሚያሠራ ሰው በነጻ ያገኛል፤ ቋሚ ወርዋሪውን በጊዜ የሚያወጣ ሰው ደግሞ ትክክለኛ ማስተዋሉ ዋጋ አያወጣለትም። ኬቨን ካሽ ኦክቶበር 27 ቀን 2020 በዓለም ሻምፒዮናው ስድስተኛ ጨዋታ ስኔልን 1 ለ 0 እየመራ፣ ዘጠኝ መቺ በስትራይክ አስወጥቶ፣ ገና 73 ኳስ ወርውሮ ሳለ ያወጣው የዶጀርስ ምርጥ መቺዎች ለሦስተኛ ጊዜ ሊመጡ ስለነበር ነው። ዶጀርሶች 3 ለ 1 አሸንፈው ዋንጫውን ወሰዱና ካሽ ለዓመታት ሲተች ኖረ። ውሳኔው ልክ ነበር አልነበረም ብሎ መከራከር ይቻላል። የሦስተኛ ዙር ጉዳት በሌለበት ማስመሰያ ውስጥ ግን ክርክር የለም፣ ማውጣቱ ምክንያት አልባ ይሆናል። ስለ ፍትሕ የሚጮኸው ሁልጊዜ የመጀመሪያውን ስህተት አይቶ ነው፤ በሁለተኛው የተበደለው ብልሃተኛ አቤት ሲል አልሰማንም።

የመጀመሪያው ስህተት እስከ የት እንደሚሄድ በሒሳብ ማየት ይቻላል። ዘጠኝ ኢኒንግ በ162 ጨዋታ ሲባዛ 1,458 ኢኒንግ ነው። ዘጠኝ ተቀያሪዎች በየሁለተኛው ጨዋታ እየገቡ ሁለት ሁለት ኢኒንግ ቢወረውሩ እያንዳንዳቸው በ81 ጨዋታ 162 ኢኒንግ ይሠራሉ፤ በአንድ ላይ ዓመቱን ልክ ይሞሉታል፣ አንድም ቋሚ ወርዋሪ አያስፈልግም። ድካምን ከቀን ወደ ቀን ብቻ ቆጥሮ የዓመቱን ጥርቅም የማይቆጥር ማስመሰያ ይህን ዝም ብሎ ያሳልፋል። በዛሬው ሜጀር ሊግ ግን ብዙ የሚሠራ ተቀያሪ የሚወረውረው 70 ኢኒንግ ገደማ ነው። "ይቻላል፣ ማይክ ማርሻል አድርጎታል" የሚል መልስ ይመጣል፤ ጥሩ መልስም ነው። ማርሻል በ1974 ለዶጀርስ በ106 ጨዋታ ገብቶ ከ208 ኢኒንግ በላይ ወረወረ፣ ሳይ ያንግንም ወሰደ፤ በአንዴ ሁለት ኢኒንግ ያህል ማለት ነው። ነገር ግን 106ቱ ጨዋታ እስከ ዛሬ ማንም ያልደረሰበት ክብረ ወሰን ነው፣ የራሱም የሥራ ብዛት በተከታዩ ዓመት ወደ ግማሽ ገደማ ወርዷል። ባለ ዘጠኝ ተቀያሪው ዕቅድ የሚፈልገው ወደ እሱ የሚጠጉ ዘጠኝ ሰዎችን በአንድ ቡድን፣ በአንድ ዓመት፣ አንዱም ሳይጎዳ ነው። ያ ከሆነ ተአምር ነው፤ ተአምርን ደግሞ በየዓመቱ የሚያቀርብ ማስመሰያ ስሙን አጥቷል።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሳው ጠንካራ ተቃውሞ "ደንብ ደንብ ነው" የሚለው ነው። ሊጉ ካልከለከለ ተፈቅዷል፤ ተወዳዳሪ ማሸነፍ እንጂ የማስመሰያውን ድክመት መሸፈን ሥራው አይደለም፤ ቀዳዳውን ማግኘትም ራሱ ችሎታ ነው። ይህ ተቃውሞ ግማሽ መንገድ ያደርሳል። ሰውየውን አጭበርባሪ ከማለት ያድነዋል፤ ያልተጻፈ ደንብ ጣሰ ተብሎ ማንም ሊቀጣ አይገባምና። ከዚያ በላይ ግን አይሄድም። የቤዝቦል ሊግ ያቋቋሙ ሰዎች ሊፎካከሩ የተስማሙት ተጫዋች በመምረጥ፣ መቺና ወርዋሪን በማዛመድ፣ ጊዜን በመገመት ነው። የፕሮግራም ስህተትን ቀድሞ ማግኘት የተከበረ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ የተዋዋሉበት ውድድር ግን ያ አልነበረም።

ወዲያው የሚከተለው "ሁሉም ሊያደርገው ይችላል" የሚለው ነው፤ እኩል የተከፈተ በር በደል የለውም ይባላል። በሊግ ውስጥ ግን በሩ እኩል አይከፈትም፣ ምርጫው ከውድድሩ በፊት አልቋልና። አንዱ የመጀመሪያ ምርጫዎቹን በውድ ቋሚ ወርዋሪዎች ላይ ያፈሰሰው እነዚህ ሰዎች ዋጋ እንዳላቸው አምኖ ነው። ሌላው መጨረሻ ላይ ማንም ያልፈለጋቸውን ተቀያሪዎች ሰበሰበ። ቀዳዳው በአምስተኛው ሳምንት ሲታወቅ የመጀመሪያው ሰው ንብረት በአንድ ሌሊት ይረክሳል፤ እኩል በር አለህ ቢባል የሚገባበት ቡድን የለውም። በሚቀጥለው ዓመት ሁሉም አውቆ ሲመርጥ እኩልነቱ ይመለሳል፤ ያኔ ደግሞ ሁሉም ተቀያሪ ብቻ ይዞ ይመጣና የወርዋሪ አያያዝ ጥበብ ከነጭራሹ ይጠፋል። ውድድሩ ፍትሐዊ ይሆናል፣ የሚወዳደሩበት ነገር ግን አይኖርም። ተጋጣሚው ኮምፒውተር ብቻ ሲሆን፣ አንድ ሰው ብቻውን ሲጫወት፣ ይህ ሁሉ ክርክር አያስፈልግም፤ የፈለገውን ያድርግ።

ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ተቃውሞ ስለ እውቀት የሚጠይቀው ነው፦ ማስመሰያው ዋጋውን አስከፍሏል ወይስ አላስከፈለም ብሎ ማን ይወስናል? የተሸነፈ ሰው ሁሉ "ቀዳዳ ነው" ሊል ይችላል። መልሱ ክሱን ለፈተና ማቅረብ ነው፣ ማስመሰያ ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው። እውነተኛውን 2018 ደግሞ ማጫወት አይቻልም፤ ፕሮግራሙን ግን በአንድ ሌሊት ሺህ ጊዜ ማጫወት ይቻላል። ያንኑ ቡድን አንዴ በተለመደው፣ አንዴ በአከራካሪው መንገድ አሰልፎ የድሉን ልዩነት መለካት፣ ከዚያም ልዩነቱ የመጣው ከየት እንደሆነ መፈለግ ነው። ትርፉ የመጀመሪያውን ኢኒንግ በተሻለ ወርዋሪ ከመጀመር ወይም ግራን ከግራ ከማገናኘት ከመጣ፣ ያ በእውነተኛው ሜዳም ያለ ትርፍ ነው፤ ከሳሹ ይረፍ። ትርፉ የሚጠፋው የወርዋሪዎቹን የዓመት ኢኒንግ ወደ እውነተኛው ልክ ስንመልሰው ከሆነ፣ ብልሃቱ የኖረው በማይደክም ክንድ ላይ ነበር። ይህ መለኪያ ጥርት ያለ ወሰን ባይሰጥም ቅሬታን ከማስረጃ ለመለየት ይበቃል።

በተግባር ብዙ ሊጎች የሚይዙት መላ የኢኒንግ ጣሪያ ነው፦ ወርዋሪ በእውነት ከወረወረው፣ ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ካለው፣ በላይ አይወረውርም። ስድስት ምርጥ ተቀያሪዎች በ70 ኢኒንግ ጣሪያ የሚሸፍኑት 420 ነው፣ ከ1,458ቱ ሲሶ እንኳ አይሞላም፤ የቀረውን ያው ቋሚ ወርዋሪ ይሠራዋል። አሥራ አምስት ኢኒንግ ብቻ ወርውሮ ነጥብ ያልተቆጠረበትን ዕድለኛም ጣሪያው በልኩ ያስቀምጠዋል። ከፋችን መጠቀም ግን አይከለክልም፣ መከልከልም የለበትም፤ ሮሞን በመጀመሪያው ኢኒንግ የሚያስገባ ሰው ያንን ኢኒንግ ከዘጠነኛው ላይ ወስዶ ነው፣ ዋጋውን ከፍሏል። ጣሪያው ብቻውን የማይበቃበት ቦታም አለ። ባለ 180 ኢኒንግ ቋሚ ወርዋሪ ሦስት ሦስት ኢኒንግ እየሠራ 60 ጨዋታ ቢገባ ከጣሪያው አልወጣም፤ ነገር ግን ሦስት ጨዋታ በማይሞላ ልዩነት እየተመላለሰ ነው፣ ስለዚህ የዕረፍት ቀን ደንብ ይጨመርበታል። ብልሃትን በስሙ ከሚከለክል ደንብ ይህ ይሻላል፤ ዋጋውን ከመለሰ በኋላ የቀረውን ለአሰልጣኙ ማስተዋል ይተዋልና።

ደንቡ የሚለወጥበት ጊዜም የፍትሑ አካል ነው። ወርዋሪው ቦብ ጊብሰን በ1968 በዘጠኝ ኢኒንግ በአማካይ ከራሱ ጥፋት የመጣ 1.12 ነጥብ ብቻ ሲቆጠርበት የሜጀር ሊግ ኃላፊዎች ወርዋሪው የሚቆምበትን ጉብታ ከ15 ኢንች ወደ 10 ኢንች ዝቅ ያደረጉት ለ1969 ነው፤ የጊብሰን 1.12 አልተነካም። በ2020 የመጣው ደንብ ወርዋሪ ቢያንስ ሦስት መቺ እንዲገጥም ወይም ኢኒንጉን እንዲጨርስ ያዛል፤ የማይሊንና የኦግደንን ዓይነት ማታለያ ዘግቷል፣ የ1924ቱን ዋንጫ ግን አልጠየቀም። የቡድን ባለቤቱ ቢል ቪክ ኦገስት 19 ቀን 1951 ቁመቱ 109 ሴንቲ ሜትር ገደማ የነበረውን ኤዲ ጌደልን ለሴንት ሉዊስ ብራውንስ መቺ አድርጎ ሲያሰልፍ፣ ያን ያህል አጭር ዒላማ ላይ መወርወር ያቃተው ወርዋሪ ዒላማ በሳቱ አራት ኳሶች ወደ አንደኛው ማረፊያ (ቤዝ) አሳለፈው። የሊጉ ፕሬዚዳንት ዊል ሃሪጅ ኮንትራቱን በማግስቱ ሰረዘ፤ የጌደል ፍልሚያ ግን ዛሬም በመዝገብ አለ። የማስመሰያ ሊግ መሪም እንዲሁ ቢያደርግ ይሻለዋል፦ ቀዳዳውን ለሚቀጥለው ዓመት ይድፈን፣ ያለፈውን ድል አይቀማ። በውድድሩ መሃል መለወጥ ግድ ከሆነ ደግሞ በብልሃቱ የተጠቀመው ሰው የተቀያሪ ክምችቱን የሚለዋውጥበት ጊዜ ይሰጠው።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ አንዳንድ ሊጎች የሚፎካከሩት ለማሸነፍ ብቻ ሳይሆን አንድን ያለፈ ዓመት ደግሞ ለመኖር ነው። የ1924ን ዓመት የሚያጫውቱ ሰዎች ከመካከላቸው አንዱ በየሁለት ኢኒንጉ ወርዋሪ ቢቀያይር የሚሰማቸው ቅሬታ የዋጋ ሳይሆን የዘመን ነው፣ ስምምነታቸውም ከሌላው ይለያል። እዚያም ቢሆን መለኪያው ተጫዋቹ በዚያ ዓመት የሆነው እንጂ የዘመኑ አማካይ መሆን የለበትም። በ1974 ሊግ ውስጥ ማርሻልን የመረጠ ሰው 106 ጊዜ ቢያስገባው፣ ከ208 ኢኒንግ በላይ ቢያሠራው፣ ሌሎቹ ምንም ቢያጉረመርሙ መብቱ ነው፤ እሱ ከመምረጡ በፊት ያን ካርድ ያሳለፉት እነሱ ናቸው። በ107ኛው ጨዋታ ላይ ግን ማርሻል ያልሠራውን እየሠራ ስለሆነ የሊጉ መሪ ካርዱን እንዲያስቀምጥ ሊጠይቀው ይችላል።